ግራፋይት ኤሌክትሪክ እያስተላለፈ ለምን ኢብረት አስተኔ ተባለ?

ጥያቄው የመጣው ባሕር ዳር ከምትኖር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ብረት አስተኔ ማለት የሚያብረቀርቅ፣ ጠንካራ፣ ሙቀትና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነው ተብለን ተምረናል። ወንድሜ ግን የመጻፊያ እርሳስ ሁለቱንም ጫፍ ቀርጾ በባትሪ ድንጋይ ትንሽ አምፖል አበራበት። ሜርኩሪም ፈሳሽ ሆኖ ብረት አስተኔ ይባላል። ታዲያ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው? የንጥረ ነገሮቹን ሰንጠረዥስ እንዳለ በቃሌ መያዝ አለብኝ? ሃይድሮጅን ጋዝ ሆኖ ሳለ ለምን ከሶዲየም በላይ ተቀመጠ?»

እህቴ፣ ወንድምሽ የሠራው ሙከራ ትክክል ነው። የመጻፊያ እርሳሱ ጥቁር ውስጡ ግራፋይት አለበት፣ ግራፋይት ደግሞ አንዱ የካርቦን ዓይነት ነው። አምፖሉ መብራት ነበረበት፣ በራም። መምህራችሁ ያስተማሯችሁም ስህተት አይደለም። ማብረቅረቅ፣ መጠንከር፣ ማስተላለፍ የሚባሉት ግን ምልክቶች ናቸው እንጂ ምክንያቱ አይደሉም፤ ምልክት ደግሞ አንዳንዴ ያሳስታል። ምክንያቱ አንድ ነው። አቶሙ ዳር ላይ ያሉትን ኤሌክትሮኖቹን ምን ያህል አጥብቆ ይይዛቸዋል? የብረት አስተኔ አቶም በቀላሉ ይለቃቸዋል። የኢብረት አስተኔ አቶም የራሱን አይለቅም፣ አልፎ ተርፎም የሌላውን ይስባል። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል፤ ሰንጠረዡም የተደረደረው ይህ ጠባይ በቅደም ተከተል እንዲታይ ሆኖ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ምልክቶቹ የት የት ላይ እንደሚያሳስቱ እንይ። ጥንካሬ ካልሽ፣ ሶዲየም በቢላዋ ይቆረጣል፣ ውሃ ላይም ይንሳፈፋል፣ ግን ብረት አስተኔ ነው። አልማዝ ደግሞ ንጹሕ ካርቦን ነው። በተፈጥሮ ከምናገኛቸው ነገሮች እሱን የሚያህል ጠንካራ የለም፣ ሙቀትንም ከመዳብ 5 እጥፍ ገደማ አስበልጦ ያስተላልፋል፤ ሆኖም ኢብረት አስተኔ ነው። ማብረቅረቅ ካልሽ ደግሞ ጠጣር አዮዲን ያብረቀርቃል፣ ግን ኢብረት አስተኔ ነው።

ፈሳሽነት የአየር ጠባይ ጉዳይ ነው። ሜርኩሪ የሚረጋው ከዜሮ በታች 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ ብታገኚው ቀጥቅጠሽ ቅርጽ ታወጪለት ነበር። ጋሊየም የሚባለው ብረት አስተኔ ደግሞ በ29.8 ዲግሪ ይቀልጣል። ስለዚህ በሚያዝያ ሙቀት ከሰዓት ላይ ባሕር ዳር ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጪው ሊቀልጥ ይችላል፣ በሐምሌ ግን ጠጣር ሆኖ ይቀመጣል። ወር በተለወጠ ቁጥር የሚለወጥ ነገር ደግሞ መለያ ሊሆን አይችልም።

ሲመታ መጮህም በየመጽሐፉ እንደ መለያ ይጻፋል። የጣና ገዳማትን ያየ ሰው ግን የድንጋይ ደወል ያውቃል፤ የተንጠለጠለው ድንጋይ በሌላ ድንጋይ ሲመታ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። በእርግጥ ድንጋይ የውሁዶች ድብልቅ ስለሆነ ሰንጠረዡ ላይ ቦታ የለውም። ያነሳሁት ጆሮም እንደ ዐይን እንደሚሳሳት እንድታይ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ሰንጠረዡ። እኔ ሳስተምር በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው፣ ተማሪ ግን ብዙውን ጊዜ ሸምድዶት ያልፋል፤ ያሳዝነኛል።

እ.ኤ.አ. በ1869 ሩሲያዊው ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ በዘመኑ የሚታወቁትን 60 ገደማ ንጥረ ነገሮች በአቶማዊ ክብደታቸው ደረደራቸው። ሲደረድር አንድ ነገር አየ። ጠባያቸው እየቆየ ይደጋገማል። ከውሃ ጋር ሲገናኝ የሚንፈቀፈቅ ለስላሳ ብረት አስተኔ ይመጣል፣ ጥቂት ቆይቶ እሱን የሚመስል ሌላ ይመጣል። የሚመሳሰሉትን አንዱን ከአንዱ ሥር አደረጋቸው። ጠባዩ የሚገጥም ንጥረ ነገር ሲያጣ ቦታውን በግድ አልሞላም፣ ክፍት ተወው። ከአሉሚኒየም ሥር ለተወው ቦታ፣ ወደፊት የሚገኘው ንጥረ ነገር አቶማዊ ክብደቱ 68 ገደማ፣ እፍግታው በኩቢክ ሴንቲ ሜትር 5.9 ግራም ገደማ፣ በቀላሉም የሚቀልጥ ብረት አስተኔ ይሆናል ብሎ ተነበየ።

በ1875 ፈረንሳዊው ሌኮክ ደ ቧቦድራን ያን ንጥረ ነገር አገኘው። ቅድም ያልኩሽ ጋሊየም ነው። መጀመሪያ ሲለካው እፍግታው 4.7 ሆነበት። ሜንዴሌቭ ጋሊየምን በዐይኑ አይቶት አያውቅም፣ ግን ልኬቱ ትክክል ሊሆን እንደማይችልና ናሙናው ተጣርቶ ዳግም መለካት እንዳለበት አስታወቀ። ተጣርቶ ተለካ። 5.9 ሆነ። በእጁ ይዞት ከሚለካው ሰው ይልቅ በሩቅ ሆኖ ሰንጠረዡን የሚያነበው ሰው ትክክል ነበር ማለት ነው። በ1886 ደግሞ ከሲሊከን ሥር የተተወውን ክፍት ቦታ ጀርማኒየም ሞላው፤ እሱም ከትንበያው ጋር በጣም የቀረበ ሆኖ ተገኘ።

አንድ እንከን ግን ነበረ። ቴሉሪየም ከአዮዲን ይከብዳል (127.6 እና 126.9)፣ ስለዚህ በክብደት ከሄድን ከአዮዲን በኋላ መምጣት ነበረበት። ሜንዴሌቭ ግን ጠባያቸውን አይቶ ቴሉሪየምን አስቀደመ። ምክንያቱን ያገኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞዝሊ ነው። በ1913 በኤክስሬይ እየመረመረ ትክክለኛው ቅደም ተከተል በክብደት ሳይሆን በአቶማዊ ቁጥር፣ ማለትም በፕሮቶኖች ብዛት እንደሆነ አሳየ። ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53። ነገሩ ተፈታ። ሞዝሊ ከሁለት ዓመት በኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጋሊፖሊ ላይ ተገደለ፤ ገና 27 ዓመቱ ነበር። ስሙን ያዢው፣ ዛሬ ክፍልሽ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሰንጠረዥ በእሱ ሥርዓት የተደረደረ ነው።

ዛሬ 118 ንጥረ ነገሮች አሉ፣ በ7 ረድፍና በ18 ዓምድ ተደርድረው። የረድፉ ቁጥር አቶሙ ኤሌክትሮኖቹን በስንት እርከን እንዳስቀመጠ ይነግርሻል። አንድ ዓምድ ውስጥ ያሉት ደግሞ የዳር ኤሌክትሮኖቻቸው አቀማመጥ ስለሚመሳሰል ጠባያቸውም ይመሳሰላል።

ሦስተኛውን ረድፍ አብረን እንሂድበት። የሶዲየም ኤሌክትሮኖች ከውስጥ ወደ ውጭ በየእርከኑ 2, 8, 1 ናቸው። ማግኒዝየም 2, 8, 2። እንዲህ እያለ ክሎሪን 2, 8, 7፣ አርጎን 2, 8, 8 ይደርሳል። ወደ ቀኝ በሄድሽ ቁጥር እምብርቱ (የአቶሙ መሃል) ላይ አንድ ፕሮቶን ይጨመራል፤ የሚጨመረው ኤሌክትሮን ግን እዚያው እርከን ላይ ነው የሚገባው፣ አይርቅም። ስለዚህ ስበቱ እየጠነከረ፣ አቶሙም እያነሰ ይሄዳል። ከአንድ ሞል (ኬሚስቶች አቶሞችን የሚቆጥሩበት መጠን ነው) የሶዲየም አቶሞች አንድ አንድ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 496 ኪሎ ጁል ይበቃል። ከክሎሪን ለመንጠቅ 1251 ያስፈልጋል፣ ከአርጎን ደግሞ 1521። ሶዲየም ለምን ብረት አስተኔ፣ ክሎሪን ለምን ኢብረት አስተኔ እንደሆነ እነዚህ ቁጥሮች ይነግሩሻል። ሁለቱ ሲገናኙ ሶዲየም አንዷን ይሰጣል፣ ክሎሪን ይቀበላል፣ ወጥ ውስጥ የምትጨምሪው ጨው ይሆናሉ።

ወደ ታች ስትወርጂ ደግሞ ተቃራኒው ነው። በየረድፉ አዲስ እርከን ስለሚጨመር የዳሩ ኤሌክትሮን ከእምብርቱ ይርቃል፣ የውስጦቹም ስበቱን ይከልሉበታል። በመጀመሪያው ዓምድ ሊቲየም 520 ኪሎ ጁል ሲፈልግ ሲዚየም በ376 ይለቃል። ስለዚህ አቅጣጫውን ማወቅ ብቻ ይበቃሻል፦ ወደ ግራና ወደ ታች ብረት አስተኔነት ይጨምራል፣ ወደ ቀኝና ወደ ላይ ይቀንሳል። በሁለቱ መካከል በደረጃ ቅርጽ የሚወርደው መስመር አካባቢ ቦሮን፣ ሲሊከን፣ ጀርማኒየም፣ አርሴኒክ፣ አንቲሞኒና ቴሉሪየም አሉ፤ ከፊል ብረት አስተኔ ይባላሉ። መሃል ላይ ያለው ሰፊ ክፍል፣ ብረት፣ መዳብ፣ ዚንክ፣ ወርቅ ያሉበት፣ ሁሉም ብረት አስተኔ ስለሆነ አያስቸግርሽም።

በቁጥር ብረት አስተኔዎች ይበዛሉ፣ ከ90 በላይ ናቸው። ኢብረት አስተኔዎች 20 አይሞሉም። ግን እነሱን አትናቂ። የምንተነፍሰው አየር 78 ከመቶው ናይትሮጅን፣ 21 ከመቶው ኦክስጅን ነው። የጣና ውሃም ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ነው። ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም ቢሆን አብዛኛው ክፍሉ ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ነው።

ኤሌክትሮን በቀላሉ መልቀቅ እንዴት ማብረቅረቅንና ማስተላለፍን ይወልዳል? የብረት አስተኔ አቶሞች አንድ ላይ ሲሰበሰቡ የዳር ኤሌክትሮኖቻቸው የአንዱ አቶም ወይም የሌላው መሆናቸው ይቀርና እንደ ወል ግጦሽ የሁሉም ይሆናሉ። ባትሪ ስታገናኚ እነዚህ ኤሌክትሮኖች ይነዳሉ፤ ኤሌክትሪክ ያልነው እሱ ነው። ሙቀትንም ከጫፍ ጫፍ ያደርሳሉ። ብርሃን ሲያርፍባቸው መልሰው ይረጩታል፣ ስለዚህ ያብረቀርቃል። ስትቀጠቅጪውም አቶሞቹ ቦታ ቢቀያየሩ የሚያያይዛቸው የጋራ ነገር ስለሆነ አይሰበርም፣ ይሳሳል እንጂ። ድኝን በመዶሻ ብትመቺው ግን ይደቃል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሶኬት ተነቅሎ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ሲጠገን አይተሽ ከሆነ፣ ከሸክላው ሥር በቦዩ ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚዞር ሽቦ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ነው፣ ሁለቱም ብረት አስተኔ። ሸክላው ደግሞ በዋናነት የሲሊከን፣ የአሉሚኒየምና የኦክስጅን ውሁድ ነው። አሉሚኒየም እዚያም አለ፣ ግን ኤሌክትሮኖቹን ኦክስጅን ወስዶበታል፣ የሚንቀሳቀስ አልቀረም። ለዚህ ነው ሽቦው ኤሌክትሪክ ሲያስተላልፍ የነካው ሸክላ የማያስተላልፈው። የሚንቀሳቀስ ኤሌክትሮን ከሌለ አሉሚኒየም መኖሩ ብቻውን ምንም አይፈይድም።

አሁን ወደ ግራፋይት። ካርቦን ያለበትን 14ኛውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ተመልከቺ፤ ከሰንጠረዡ ሁሉ ይሄን የሚያህል አስተማሪ ዓምድ አለ ብዬ አላምንም። ከካርቦን እስከ እርሳስ ያሉት አምስቱም ዳር ላይ 4 ኤሌክትሮን አላቸው (እርሳስ ያልኩት መጻፊያውን ሳይሆን በዚሁ ስም የሚጠራውን ንጥረ ነገር ነው)። ካርቦን ኢብረት አስተኔ ነው። ሲሊከንና ጀርማኒየም ከፊል ናቸው። ቲንና እርሳስ ብረት አስተኔ ናቸው። የዳር ኤሌክትሮኑ ብዛት ያው ሆኖ ሳለ፣ ከእምብርቱ እየራቀ በሄደ ቁጥር መያዣው እየላላ ይመጣል። ሲሊከን ዐይተሽው ብረት ነው ትያለሽ፣ ግራጫና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ሲመታ ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል። አንድ ጥሩ መለያ ልንገርሽ፦ ብረት አስተኔ ሲሞቅ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ይቀንሳል፣ ንጹሕ ሲሊከን ግን ሲሞቅ ይጨምራል። ቲን ደግሞ መስመሩ አጠገብ ስለሆነ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። ከ13 ዲግሪ በታች ብዙ ከቆየ ብረት አስተኔነቱን ያጣና ግራጫ ዱቄት ወደ መሆን ይሄዳል።

ካርቦን አልማዝ ሲሆን እያንዳንዱ አቶም አራቱንም ኤሌክትሮኖች ለአራት ጎረቤቶች ያስራቸዋል። ነፃ ኤሌክትሮን የለም፣ ኤሌክትሪክም አያልፍም። ግራፋይት ሲሆን ግን ሦስቱን ለሦስት ጎረቤት ያስርና አራተኛው በቀጭኑ ንጣፍ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። አምፖሉን ያበራው ያ አራተኛው ኤሌክትሮን ነው። ንጣፎቹ እርስ በርስ የተያያዙት በደካማው ነው፤ ስትጽፊበት እየተንሸራተቱ ወረቀቱ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ ግራፋይት ማስተላለፉን ከአደራደሩ አገኘው እንጂ የካርቦን አቶም ኤሌክትሮን ሰጪ ሆኖ አይደለም።

ለዚህ ማስረጃው ወንድምሽ ይዞት የነበረው የባትሪ ድንጋይ ራሱ ነው። ርካሹ፣ ዚንክና ካርቦን ያለበት ዓይነት ከሆነ፣ የውስጥ ቆርቆሮው ዚንክ ነው፣ መሃሉ ላይ የቆመው ጥቁር ዘንግ ደግሞ ካርቦን። ሁለቱም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ግን ኤሌክትሮን የሚሰጠው ዚንኩ ብቻ ነው፤ እየሰጠ ይበላል፣ ይሳሳል፣ ያረጀ ባትሪም ቀዳዳ አውጥቶ የሚያፈሰው ለዚህ ነው። የካርቦኑ ዘንግ ግን ባትሪው ካለቀ በኋላም እንዳለ ነው። መንገድ ሆኖ ያሳልፋል እንጂ ከራሱ አይሰጥም። ይሄን ከገባሽ ጥያቄሽ ተመልሷል። አደራ ግን ባትሪ ሰብራችሁ እንዳታዩ። አልካላይን የሚባለው ዓይነት ውስጥ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አለ፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዐይንም ያጠፋል።

በምትኩ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሌላ መለያ አለ። ብረት አስተኔ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ የሚሰጠው ነገር ውሃ ላይ በአብዛኛው ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ይሆናል፣ የኢብረት አስተኔው በአብዛኛው አሲድ። ከርከዴ አፍልተሽ በሁለት ብርጭቆ ቅጂ። አመድ በውሃ በጥብጠሽ በጨርቅ አጥልይና የተጣራውን ውሃ ከአንዱ ብርጭቆ ላይ ጠብ ጠብ አድርጊበት፤ ቀይነቱ ይጠፋና ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። አመዱ ውስጥ ከእንጨቱ የቀረ ፖታሲየምና ካልሲየም ስላለ ነው፣ ሁለቱም ከሰንጠረዡ ግራ በኩል ናቸው። በሌላው ላይ ሎሚ ብትጨምሪ ይበልጥ ይቀላል፤ አሲድ ሲገባበት ምን እንደሚመስል ለማነጻጸር ነው። የእንጨቱ ካርቦን የት ሄደ ካልሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወጥቷል፤ እሱ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ለለስላሳ መጠጥ ያቺን የምትቆነጥጥ ኮምጣጣነት የሚሰጠው ነው። ድኝም እንደዚሁ ነው፣ የባጃጅ ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ የሚሠራው ከእሱ ነው። እዚያው ባትሪ ውስጥ ያሉት ሰሌዳዎች ደግሞ የእርሳስ ናቸው።

ስለ ሽምደዳው፦ 118ቱን መያዝ አያስፈልግሽም። እኔ ለተማሪዎቼ የምላቸው የመጀመሪያዎቹን 20 ከነኤሌክትሮን አቀማመጣቸው ያዙ፣ ከዚያ የ1፣ የ2፣ የ17 እና የ18 ዓምዶችን እወቁ ነው። የቀረውን አቅጣጫው ይሰጥሻል። ለምሳሌ ሩቢዲየምን ሰምተሽው ባታውቂም፣ ከፖታሲየም ሥር መሆኑን ካየሽ ለስላሳ፣ ከውሃ ጋር ከፖታሲየም ብሶ የሚቆጣ፣ ዳር ላይ አንድ ኤሌክትሮን ያለው ብረት አስተኔ ነው ብለሽ መጻፍ ትችያለሽ።

ሃይድሮጅን የቀረን እሱ ነው። አንደኛው ዓምድ ላይ የተቀመጠው አንድ ኤሌክትሮን ስላለው ብቻ ነው። ግን ያቺ ኤሌክትሮን ከእምብርቱ ጋር ፊት ለፊት ናት፣ ስበቱን የሚከልልባት የውስጥ እርከን የለም። ለመንጠቅ 1312 ኪሎ ጁል ይጠይቃል፤ ከክሎሪን እንኳ ይበልጣል። በተጨማሪም እርከኑን ለመሙላት የጎደለው አንድ ኤሌክትሮን ስለሆነ፣ እንደ ክሎሪን ከሶዲየም ኤሌክትሮን መቀበልም ይችላል። ለዚህ ነው አንዳንድ ሰንጠረዥ ላይ ለብቻው ተነጥሎ የምታገኚው። እጅግ ከፍተኛ ግፊት ሲያርፍበት ብረት አስተኔ ይሆናል፤ ጁፒተር ውስጥ ጥልቁ ላይ እንደዚያ ሆኖ እንደሚገኝ ሳይንቲስቶች ያምናሉ። ፈተና ላይ ግን ከሶዲየም በላይ መቀመጡ እንዳያታልልሽ፣ ኢብረት አስተኔ ብለሽ ጻፊ፤ ምክንያቱን ከጠየቁሽ ደግሞ ያቺን 1312 ጥቀሺላቸው።